ከዘጠና ደቂቃው ውጭ፦ ለወጣት ኳስ ተጫዋች የሚሆን ምክር

የእግር ኳስ ተጫዋች የሥራ ዘመን አጭር ነው። ተሰጥኦ ቢኖር፣ ጉዳት ቢርቅ፣ አሰልጣኝም ቢወድ፣ በዋና ቡድን ደረጃ የሚጫወትባቸው ዓመታት ብዙ ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ናቸው። ሐኪሙ ወይም መምህሩ በሙያው በሚበስልበት በሠላሳ አምስት ዓመቱ ኳስ ተጫዋች ጫማውን ይሰቅላል። ሌላው ባለሙያ በሰፊ ዕድሜ የሚያርመውን ስሕተት እርሱ ለማረም ጊዜ የለውም። ችሎታ ልጁን ሜዳ ያስገባዋል፤ ሜዳ ላይ የሚያቆየው ግን በአብዛኛው ተመልካች የማያየው ሥራ ነው።

በአዲስ አበባም ሆነ በድሬዳዋ በሰፈር ኳስ ያደገ ልጅ ቀድሞ የሚማረው አብዶ ነው። ሜዳው ጠባብ፣ ኳሷ የጨርቅ፣ ተጫዋቹ ብዙ ስለሆነ ኳስ ይዞ ማምለጥ የግድ ይሆንበታል። ይህ ሀብት ነው፤ ማንም አሰልጣኝ ሊገድልበት አይገባም። ችግሩ የሚመጣው ልጁ ጨዋታ ማለት ኳስ በእግር ሥር ስትሆን ብቻ ሲመስለው ነው። በዘጠና ደቂቃ ውስጥ ኳስ በአንድ ተጫዋች እግር የምትቆይበት ጊዜ ተደምሮ ጥቂት ደቂቃ ነው። አማካይ ተጫዋች ግን በአንድ ጨዋታ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። የቀረው ጊዜ ሁሉ ቦታ መያዝ፣ ለጓደኛ ክፍተት መፍጠር፣ የተቃራኒን መንገድ መዝጋት ነው። ኳስ ከመቀበሉ በፊት ግራና ቀኙን የማየት ልማድ ያለው ልጅ ፍጥነት ቢያንሰው እንኳ ፈጣን ሆኖ ይታያል። ይህ ልማድ ጂም አይፈልግም፣ ገንዘብም አይጠይቅም፤ ሆኖም ከዘገየ በኋላ ለማስለመድ አስቸጋሪ ነው።

ትዕግሥት የጨዋታው ሁለተኛ ትምህርት ነው። በ1954 ዓ.ም. ጥር ወር በአዲስ አበባ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎች ያነሣችውን ግብጽን ገጠመች። ኢትዮጵያ በዚያ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ተመርታለች። ሁለተኛዋን የአቻነት ግብ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ያስቆጠረው መደበኛው ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነበር። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። ስለዚያ ቀን ሲወራ የሚነሣው ዋንጫው ነው፤ ለወጣት ተጫዋች የሚጠቅመው ግን በ80ኛው ደቂቃ ላይ፣ በሜዳቸው፣ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት እየተመሩ ሳሉ ተስፋ አለመቁረጣቸው ነው። ጭንቀት ኳስ ያስጥላል።

ሦስተኛው ትምህርት ደስ የማይል ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰበት በ2005 ዓ.ም. ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም በጥሩ ጉዞ ላይ ነበር። በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ቢጫ ካርድ ያየ አንድ ተጫዋች ግን ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ መሰለፍ ሳይገባው ተሰለፈ፤ ሜዳ ላይ የተገኘው ድል ተሰርዞ ነጥቡ ለቦትስዋና ሆነ። ቅጣቱ ቡድኑን ምድቡን በመሪነት ከማጠናቀቅ ባይገታውም፣ ወደ መጨረሻው ዙር ለመግባት መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን እስኪያሸንፍ ድረስ ሕዝቡ በጭንቀት ጠበቀ። ካርድ መቁጠር የቡድን መሪው ሥራ እንደሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን ቢጫውን ያየው ተጫዋች ራሱ ነው፤ በማስታወሻ ደብተሩ ቢጽፈው የሚከፍለው ነገር የለም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የሰውነት ጉዳይ ነው። ልምምድ ላይ ዘግይቶ ደርሶ ሳያሟሙቅ ኳስ የሚመታ ልጅ ዛሬ ምንም ላይሰማው ይችላል። ፊፋ ያዘጋጀው «11 ፕላስ» የተባለው የማሟሟቂያ መርሐ ግብር 20 ደቂቃ ያህል የሚወስድ ሲሆን፣ ዘወትር የሚሠሩት ቡድኖች የሚደርስባቸው ጉዳት በጉልህ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ልዩ መሣሪያም አያስፈልገውም። የጉልበት ጅማቱ የተበጠሰበት ተጫዋች በበኩሉ ወደ ሜዳ ለመመለስ ብዙ ጊዜ ዘጠኝ ወር ገደማ ይፈልጋል፤ ይህም በአገራችን አንድ የውድድር ዘመን ሙሉ ማለት ነው። ሕመምን ከወጌሻው መደበቅ እንደ ጀግንነት የሚቆጠርበት ቡድን ብዙ ነው፤ ጀግንነት አይደለም። በመርፌ እየተደነዘዘ የሚጫወት ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ በስሙ የሚጠራው አያገኝም።

ጾም ላይ ያለ ተጫዋች ጾሙን መተው አይጠበቅበትም። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽሮና ኦቾሎኒ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ዋናው ነገር ከባዱን ልምምድ ወደሚበላበት ሰዓት ማቅረብ ነው። በረመዳን የሚጾመውም ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ባለው ጊዜ ውኃ አከፋፍሎ መጠጣት አለበት። ለአሰልጣኙ አስቀድሞ መናገርም ነውር የለበትም። እንቅልፍ ከስምንት ሰዓት ማነስ የለበትም። ጫትን በተመለከተ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ፦ በውስጡ የሚገኘው ካቲን ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ በውድድር ወቅት ከተከለከሉት አበረታች ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። ለጉንፋን የሚሸጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም እንዲሁ ያስጠይቃሉ። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ነገር ለቡድኑ ሐኪም ሳይታይ መዋጥ የለበትም።

ወጣቶች ከሁሉ አብልጠው የሚንቁት ወረቀት ነው። ውል ሲቀርብ ዓይናቸው ደሞዙ ላይ ያርፋል፤ ቀሪውን ገጽ ሳያነቡ ይፈርማሉ። በፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከሦስት ዓመት የሚበልጥ ውል እንዲፈርም አይፈቀድም፤ ለሌላው ደግሞ ጣሪያው በመደበኛነት አምስት ዓመት ነው። በተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች ካልሆነ በቀር ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወደ ውጭ አገር ክለብ መዛወርም አይችልም። ስለዚህ «የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅህን አውሮፓ ላስገባልህ፣ መጀመሪያ ብር ክፈል» የሚል ደላላ ከቤት መባረር ያለበት ነው። የሕክምና ምርመራ ከፊርማ በፊት ማለቅ አለበት፤ በደንቡ መሠረት የውሉ ጽናት በምርመራው ውጤት ላይ ሊንጠለጠል አይችልም። ውሉ ሊያበቃ ስድስት ወር የቀረው ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጋር መፈራረም ይፈቀድለታል። መልቀቂያ እየለመነ በክለብ ጽሕፈት ቤት ደጅ የሚጠና ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ይህን የማያውቅ ነው።

ደሞዝ ሲቆምም ሕግ አለ። ክለቡ ያለ አግባብ የሁለት ወር ደሞዝ ካልከፈለ ተጫዋቹ ዕዳውን በጽሑፍ ጠይቆ 15 ቀን ይሰጣል፤ ካልተከፈለው ውሉን በበቂ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል። «በጽሑፍ» የምትለዋ ቃል እዚህ ላይ ክብደት አላት፤ በስልክ የተነገረ ቅሬታ በክርክር ጊዜ ምንም አይቆጠርም። ለሴት ተጫዋቾች ቢያንስ የ14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ በደንቡ ሰፍሯል፤ ልትፈርም ያለች ተጫዋች በውሏ ውስጥ መኖሩን ትመልከት።

ዕድሜም የወረቀት ጉዳይ ነው። ከ17 ዓመት በታች በሚደረጉ ዓለም አቀፍ ውድድሮች የእጅ አንጓ አጥንት በኤምአርአይ ስለሚታይ ዕድሜ መቀነስ የሚያስገኘው ትርፍ አጭር ነው። ማታለሉ ደግሞ ተጫዋቹን ራሱን ይጎዳል፦ በታዳጊዎች መካከል በጉልበት ብቻ የሚያሸንፍ ልጅ ቴክኒክ ሳይማር ያድጋል፣ ከእኩዮቹ ጋር የገጠመ ዕለት ባዶውን ይቀራል። በተቃራኒው ከ12 ዓመቱ ጀምሮ የተጫወተባቸው ክለቦች በትክክል የተመዘገቡለት ልጅ ወደ ውጭ ሲዛወር፣ ያሳደጉት ክለቦች ከዝውውሩ ክፍያ የሚደርሳቸውን 5 በመቶ የጋራ ድርሻ ያገኛሉ። ያ ገንዘብ ለሰፈሩ ሜዳ ይተርፋል።

የፊርማ ገንዘብ ሲመጣ ዘመድ ይበዛል። ወላጅን መጦር የሚያስመሰግን ነው፤ ለመቶ ሰው ቃል መግባት ግን ተጫዋቹን ሁልጊዜ ብድር ላይ ያስቀምጠዋል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ መኪና ለውጦ ቤት የሌለው ስንቱ ነው! ሌላው ፈተና ከሜዳው ይመጣል፦ ተቀያሪ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ በደጋፊ መሰደብ፣ በአሰልጣኝ መታለፍ ሁሉም ተጫዋች የሚያልፍበት ነው፤ ስለዚህ ብዙ አይባልም። ያኮረፈ ተጫዋች በልምምድ ይቀዘቅዛል፣ አሰልጣኙም ትክክል ነበርኩ ይላል።

ከኳስ በኋላ ያለው ኑሮ ከኳሱ ዘመን ይረዝማል። ይድነቃቸው ተሰማ በቅዱስ ጊዮርጊስ ማልያ ለረጅም ዓመታት ተጫውቶ የ1954ቱን ባለዋንጫ ቡድን አሰለጠነ፤ ከዚያም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 በፕሬዚዳንትነት መራ። መንግሥቱ ወርቁ ወደ አሰልጣኝነት ገባ። አሥመራ ተወልዶ በባቡር ድርጅት መካኒክነት የጀመረው ሉቺያኖ ቫሳሎ ሙያውን አልጣለም፤ አገር ለቆ ጣሊያን በገባ ጊዜ የመኪና ጥገና ሠርቶ ኖሯል፣ የሕይወት ታሪኩንም በጣሊያንኛ ጽፏል። ሦስቱም ከኳስ ጋር ሌላ ነገር ያውቁ ነበር። የዛሬው ወጣትም ከልምምድ የሚተርፈውን ከሰዓት በቪዲዮ ጨዋታ ከሚፈጅ፣ የተቋረጠ ትምህርቱን ይቀጥል፣ ቋንቋ ይማር፣ የሚፈልግ ከሆነ የመጀመሪያውን የአሰልጣኝነት ኮርስ ጫማ ሳይሰቅል ይውሰድ። ክለብ እያለው፣ ደሞዙ እየገባ፣ ስሙ እየተጠራ ሳለ የሁሉም በር ክፍት ነው፤ ምዝገባውን ለከርሞ አያሳድረው።