የማይነበበው ፕሮግራም ባለቤት ማን ነው?

በቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስን ለመጫን ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው የዋይፋይ ወይም የግራፊክስ ካርድ ያለ ችግር እንደሚሠራለት ነው። ከዚህ የግዢ ጥያቄ ሥር ግን ሌላ የከበደ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ገንዘብ ተከፍሎበት የተወሰደ ዕቃ በውስጡ የሚሠራውን ማወቅ ለገዢው ከተከለከለ፣ ገዢው ባለቤት ሊባል ይችላል ወይ የሚል ነው።

ሊኑክስ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ይፋ ያደረገው የስርዓተ ክወና እምብርት ሲሆን፣ የምንጭ ኮዱን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ፣ ማንም ሰው አንብቦ ሊያሻሽለው ይችላል። ይህ እምብርት ከኮምፒውተሩ ክፍሎች ጋር የሚገናኘው ድራይቨር በሚባሉ ፕሮግራሞች ነው፤ ብዙዎቹ ክፍሎች ደግሞ ፈርምዌር የተባለ፣ በራሳቸው ውስጥ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም አላቸው። የኤኤምዲ ግራፊክስ ካርዶች ክፍት ድራይቨር ከእምብርቱ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ገዢው እምብዛም አይቸገርም፤ ኢንቪዲያም በ2022 የድራይቨሩን የእምብርት ክፍል ከፍቷል፤ ፈርምዌሩ ግን በሁለቱም ዘንድ እንደተዘጋ ነው።

ሪቻርድ ስቶልማን በ1985 የመሠረተው የነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን በዚህ ላይ አከራካሪ መስመር አስምሯል። ከዲስክ ተነሥቶ ወደ ካርዱ የሚጫን ዝግ ፈርምዌርን ሲነቅፍ፣ በፋብሪካ ተቀርጾ የማይለወጠውን ግን እንደ ኤሌክትሪክ ዑደት ቆጥሮ ያልፈዋል። ምክንያቱም አምራቹ ራሱ ሊለውጠው የማይችለው ፕሮግራም አንዱን በሌላው ላይ አያሠለጥንም የሚል ነው፤ ይህም ነፃነትን ከእውቀት ይልቅ ከሥልጣን አንጻር የሚመዝን፣ በቀላሉ የማይናቅ ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ የተቀረጸው ፕሮግራም የደኅንነት ክፍተት ቢገኝበት ክፍተቱም አብሮ ተቀርጾ ይቀራል፤ ገዢውም ያላየውን ምሥጢር ከዓይኑ በመራቁ ብቻ ነፃ ወጣሁ ማለት አይችልም። በዲስክ ላይ የሚታየው ዝግ ፋይል ቢያንስ መኖሩን አይደብቅም።

ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት አባላት በ2022 በድምፅ የወሰኑት ለዚህ አመለካከት ይቀርባል፤ በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 አስፈላጊውን ዝግ ፈርምዌር ከመጫኛው ጋር አካትቶ ያቀርባል። በክርክሩ ወቅት ከተነሡት ነጥቦች ክብደት የነበረው የዓይነ ስውራን ጉዳይ ነው፤ የአንዳንድ ላፕቶፖች የድምፅ ክፍል ያለ ዝግ ፈርምዌር ስለማይሠራ፣ ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብላቸው ፕሮግራም ዝም ይላል፤ እነርሱም ነፃውን ስርዓት ያለ ሌላ ሰው እርዳታ ሊጭኑት አይችሉም። የመርሕ ንጽሕና የሚጠበቀው እነዚህን ሰዎች ከደጅ በማስቀረት ከሆነ፣ ዋጋውን የሚከፍለው መርሑን ያወጣው ሰው አይደለም፤ ስለዚህ ውሳኔው ትክክል ነበር።

ይህ ሁሉ የገዢውን ኃላፊነት አያነሣለትም፤ የመምረጥ ዕድሉ ሰፊ የሚሆነው ገንዘቡ ከእጁ ሳይወጣ በፊት ነውና። ሊኑክስን ከፍላሽ አስነሥቶ፣ ዲስኩን ሳይነካ፣ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ስክሪኑ መሥራታቸውን መፈተሽ ይቻላል። የምንጭ ኮዱ የተከፈተ ፈርምዌር የሚፈልግ ሰውም ኤአር9271 የተባለ የአቴሮስ ቺፕ ያለበትን የዩኤስቢ ዋይፋይ ሊመርጥ ይችላል፤ ቺፑ አሮጌ በመሆኑ ግን ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰከንድ 150 ሜጋቢት ነው።