ከፍርስራሽ መካከል የተነሣች ጠጠር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በበዓል ሰሞን ማለዳ፣ ከሬሆቦት፣ ከቂርያት ቫይዝማን አጠገብ የሚነሣ አንድ አውቶቡስ ይታሰብ። ከተሳፋሪዎቹ ገሚሶቹ በከተማዋ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ ገሚሶቹ ደግሞ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ከኢትዮጵያ መጥተው በዘመድ ቤት ያረፉ እንግዶች። እንግዶቹ ጎልጎታን ተሳልመዋል፤ በዮርዳኖስ ተጠምቀዋል። ዛሬ የሚሄዱት ግን ለስግደት አይደለም፤ የጥንት ግሪክና ሮም ሥልጣኔ ትቷቸው ያለፈውን ፍርስራሾች በአስጎብኚ እየተመሩ ለማየት ነው። ቀኑ የዕረፍት ቀን ነውና ልጆች ይጫወታሉ፤ ስንቅ ይታደላል፤ አውቶቡሱም ወደ ሰሜን፣ ወደ ቂሣርያ ያመራል።

መንገዱ ለተሳላሚ ባዕድ አይደለም። ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ያጠመቀው ፊልጶስ ከዚያ በኋላ በአዛጦን፣ ማለትም በዛሬዋ አሽዶድ እንደ ተገኘ፣ ከዚያም ተነሥቶ እስከ ቂሣርያ ድረስ በየከተማው እየሰበከ እንደ ሄደ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ተጽፏል። ሬሆቦት ያለችው በእነዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል በተዘረጋው የባሕር ዳርቻ ሜዳ ነው።

ቂሣርያ አስቀድሞ የስትራቶን ግንብ የምትባል ትንሽ ወደብ ነበረች። ንጉሡ ሄሮድስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ22 እስከ 10 ባሉት ዓመታት ገደማ ታላቅ ከተማ አድርጎ ሠራት፤ በአውግስጦስ ቄሣርም ስም ሰየማት፤ ከወደቡ ፊት ለፊት ለቄሣርና ለሮም የጣዖት ቤተ መቅደስ አቆመባት። የግሪክ ቋንቋ በአደባባይዋ ይነገር ነበር። መቶ አለቃው ቆርኔሌዎስ የተጠመቀው በዚህች ከተማ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስ 2 ዓመት የታሰረው፣ ፊልጶስም ከ4 ደናግል ልጆቹ ጋር የኖረው በዚህችው ከተማ ነው። ዛሬ ቲያትሯ፣ የፈረስ መሽቀዳደሚያዋና ውኃ ይመጣበት የነበረው የድንጋይ ቅስት ይጎበኛሉ።

አስጎብኚው ይህን በአጭሩ ነግሮ፣ «አሥራ አምስት ደቂቃ አላችሁ» ይላል። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍ ለመነሣት ይሽቀዳደማል። በዚህ መካከል አንዲት አረጋዊት እናት ከጥንታዊ ወለል ዳር የተፈነቀለች፣ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ ነጭ ጠጠር ያያሉ። ጎንበስ ብለው ያነሧታል፤ በነጠላቸውም ጫፍ ይቋጥሯታል። የልጅ ልጃቸው፣ «እማማ፣ ምን ቋጠሩ?» ብላ ብትጠይቅ፣ «ለበረከት ነው ልጄ» ይሏታል።

በእኒህ እናት ልብ ክፋት የለም። ሆኖም ጥያቄው አለ። ከፍርስራሽ ላይ አንዲት ጠጠር ወስዶ መሄድ ጥፋት ነውን? ወይስ ማንንም የማይጎዳ፣ ሊነሣ እንኳ የማይገባው ቀላል ነገር?

አስቀድሞ «ለበረከት» የሚለው ቃል ይመርመር። ምእመናን ከገዳማት ጸበልና እምነት ይዘው ወደ ቤታቸው መመለሳቸው የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን ጸበሉን የሚቀዳ፣ እምነቱንም የሚያድል አለ፤ ተቀባዩ እጁን ይዘረጋል፣ ይባረካል፣ ይቀበላል። በረከት ከሰጪ እጅ ወደ ተቀባይ እጅ የሚያልፍ ነው። በነጠላ ጫፍ የተቋጠረችው ጠጠር ግን ሰጪ የላትም። አስጎብኚው ዘወር እስኪል የተጠበቀ ነገር ቢኖር፣ ያ መጠበቅ ራሱ ልብ አስቀድሞ መልሱን እንደሚያውቅ ይመሰክራል።

አንዳንዱ፣ «ይህ የጣዖት አምላኪዎች ድንጋይ ነው፤ ምን ክብር አለው?» ይል ይሆናል። ይህ አነጋገር ቀናኢ ይመስላል፤ ግን ሁለት የመጽሐፍ ምስክሮች ይቃወሙታል። የመጀመሪያው አካን ነው። ኢያሪኮ የአሕዛብ ከተማ ነበረች፤ ሆኖም አካን ከምርኮዋ አንድ ካባ፣ 200 ሰቅል ብርና 50 ሰቅል የሚመዝን ወርቅ ወስዶ በድንኳኑ በሸሸገ ጊዜ፣ የከተማዋ ክፋት ለእርሱ ምክንያት አልሆነውም። ሁለተኛው ቅዱስ ጳውሎስ ነው። አቴና በጣዖታት ተሞልታ ባየ ጊዜ መንፈሱ ተቆጥቷል። ነገር ግን መሠዊያቸውን አላፈረሰም፤ ከእርሱም ቁራሽ አልወሰደም። ተዘዋውሮ ተመለከተ፤ ላልታወቀ አምላክ ተብሎ የተጻፈውን አነበበ፤ በአርዮስፋጎስም ቆሞ ያነበበውን የትምህርቱ መግቢያ አደረገው። ድንጋዩን በቦታው ትቶ ቃሉን ይዞ ሄደ።

ሌላው ደግሞ፣ «አንዲት ጠጠር ብትጎድል ምን ይሆናል?» ይላል። በአንድ ቀን 10 አውቶቡስ ቢመጣ፣ በእያንዳንዱም 50 ሰው ቢኖር፣ ሁሉም አንዳንድ ጠጠር ቢወስድ በቀን 500፣ በዓመት ደግሞ 182,500 ጠጠር ይሆናል። በትንንሽ ድንጋዮች የተሠራ ወለል የሚያልቀው እንዲህ ነው፤ ማንም ወለሉን አልወሰደም፣ ወለሉ ግን የለም። አንዲት ጠጠር ብቻ የወሰደ ሰው ሌሎቹ እንዳይወስዱ ይመኛል፤ ለራሱ የፈቀደውን ለሌላው የሚከለክል ሕግም ፍትሕ አይባልም።

ከቁጥሩ የሚበልጠው ጉዳት ግን ሌላ ነው። የፍርስራሽ ድንጋይ የሚናገረው በወደቀበት ቦታ ሲገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የኢጣሊያ የቅርስ ተመራማሪዎች በቂሣርያ ቲያትር ሲቆፍሩ ለደረጃ የዋለ አንድ የኖራ ድንጋይ አገኙ። ተራ የደረጃ ድንጋይ ነበር፤ ሲጸዳ ግን በላቲን ፊደል የይሁዳ ገዥ የጲላጦስ ስም ተጽፎበት ተገኘ። በጸሎተ ሃይማኖት ስሙ ዘወትር የሚጠራው ያ ገዥ በእርግጥ በዚህ ምድር እንደ ገዛ የሚመሰክር የዘመኑ ድንጋይ ነው። አንድ ጎብኚ ከዘመናት በፊት ለቤቱ ጌጥ ወስዶት ቢሆን ኖሮ፣ ምስክርነቱ ከእርሱ ጋር በጠፋ ነበር። በጥንት ስሟ ስኪቶፖሊስ በተባለችው በቤትሳንም እ.ኤ.አ. በ749 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የጣላቸው ዓምዶች የዚያን ቀን መከራ የሚተርኩት፣ በወደቁበት ስለተገኙ ነው።

ይህን ለመረዳት ኢትዮጵያዊ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የፋሺስት ኢጣሊያ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1937 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የአክሱም ሐውልት በወሰደ ጊዜ፣ ሐውልቱ ተሰባብሮ መሬት ላይ ወድቆ ነበር። «የወደቀ ድንጋይ ነው» ማለት ለወሳጆቹ ይቀላቸው ነበር፤ ለአክሱም ልጆች ግን የአባቶች ሐውልት ነው። በሮም አደባባይ ቆሞ ከኖረ በኋላ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2008 በቦታው ተተከለ። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ ታቦታት ደግሞ እስከ ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ሙዚየም ናቸው። በዚያው ሙዚየም ሎርድ ኤልጂን ከአቴናው ፓርቴኖን አስነቅሎ የወሰዳቸውና የብሪታንያ መንግሥት በ1816 የገዛቸው የእብነ በረድ ቅርጾች ይታያሉ፤ ግሪኮችም እንዲመለሱላቸው ይጠይቃሉ። ስለ አክሱም ያለቀሰ ሰው በሌላው አገር ፍርስራሽ ላይ ሲቆም እጁን ቢሰበስብ፣ ልቅሶው እውነተኛ እንደ ነበረ ያሳያል።

«ታላላቆቹ ዓምድ ሲወስዱ፣ የድሃ እናት ጠጠር ለምን ይቆጠራል?» የሚል ቢኖር፣ ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። የሁለቱ ጥፋት አይተካከልም፤ ማንም በአንድ ሚዛን አያስቀምጣቸውም። ነገር ግን የታላቁ በደል የትንሹ ስርየት አይሆንም። ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ሁሉ ተሰርቋል ማለትም አይደለም። የጲላጦስ ስም ያለበት ድንጋይ ራሱ ዛሬ በኢየሩሳሌም በእስራኤል ሙዚየም ይገኛል፤ በቂሣርያ ያለው አምሳያው ነው። ልዩነቱ ከየት እንደ ተነሣ መመዝገቡና ለሁሉም መታየቱ ነው። በነጠላ የተቋጠረችው ግን ከየት እንደ መጣች ከወሳጇ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እርሳቸው ካረፉ በኋላ ማንም አያውቅም። የአገሩም ሕግ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የእስራኤል የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ ከ1700 በፊት በሰው እጅ የተሠራውን ሁሉ ይጠብቃል። እንግዳ ደግሞ ባረፈበት ቤት የባለቤቱን ሥርዓት ማክበር ይገባዋል።

እንግዲህ ተሳላሚ ከፍርስራሽ ምን ይዞ ይመለስ? ያየውን ይዞ ይመለስ። አሥራ አምስት ደቂቃ ለሃያ ፎቶግራፍ ትንሽ ነው፤ አንድን ድንጋይ አስተውሎ ለማየት ግን ይበቃል። በአንድ ድንጋይ ላይ የግሪክ ፊደል ቢያይ፣ ንጉሥ ኢዛናም በአክሱም ሥራውን ያስጻፈው ከግእዝና ከሳባ ፊደል ጋር በግሪክ ጭምር እንደ ሆነ ያስታውስ። ያ ፊደል ለአባቶቹ ባዕድ አልነበረም። የቄሣር ቤተ መቅደስ ወድቆ ባየም ጊዜ አይታበይ፤ የሰው እጅ የሠራው ሁሉ፣ የእርሱም ቤት ቢሆን፣ የሚወድቅበት ቀን አለውና።

ምናልባት ይህን የሚያነብ ሰው ቀድሞ በሄደበት ጉዞ ያነሣት ጠጠር በቤቱ መስኮት ላይ ትኖር ይሆናል። ስለ እርስዋ ሊጨነቅ አይገባም፤ ሊመልሳት ግን ይችላል። ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ በተናገረ ጊዜ ያገኘው ነቀፋ አይደለም፤ መዳን ነው። ጠጠሯን ለአስጎብኚው ወይም ለቦታው ጠባቂ ሰጥቶ፣ ከየት እንዳነሣት መንገር ይበቃል። እኒያም እናት አውቶቡሱ ወደ ቂርያት ቫይዝማን ሳይመለስ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ጠጠሯን በልጅ ልጃቸው እጅ ቢልኳት፣ ልጅቱ ከአያቷ ጠጠር አትወርስም። የሌላውን ሳይነኩ መመለስን ትወርሳለች፤ በረከት የሚባለውም ይህ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።