ዜና ዕረፍት ለማን ይጻፋል?

እኛ በምንኖርበት በአስኮ ሰፈር አንድ ሰው ያረፈ እንደ ሆነ ገና ጎሕ ሲቀድ የእድሩ ጥሩንባ ይነፋል፤ ጥሩንባ ነፊውም የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት እየጠራ በየመንደሩ ይዞራል። ይህ ጥሩንባ ማንበብ ለሚችለውም ለማይችለውም እኩል የሚደርስ ጋዜጣ ነው። ይሁን እንጂ የሚነግረን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ማን እንደ ሞተና መቼ እንደሚቀበር ነው። ሟቹ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበረ የሚነግረን ግን በቀብሩ ዕለት የሚነበበው የሕይወት ታሪክና ቤተ ዘመዱ ዐቅም ሲኖረው በጋዜጣ የሚያሳትመው ዜና ዕረፍት ነው። የጥሩንባው ድምፅ በዚያው ጧት ያልፋል፤ የታተመው ቃል ግን ይቀመጣል።

እኔ በዚህ ሰፈር ብዙ ዘመን በመምህርነት ስለ ኖርሁ፣ «እርሱ መጻፍ ያውቅበታል» እየተባልሁ የብዙ ሟቾችን የሕይወት ታሪክ ጽፌአለሁ። ስንት እንደ ሆኑ አላስታውስም። የማላስታውሰውም ስለ በዙብኝ ብቻ ሳይሆን ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጌ ስለ ጻፍኋቸው ነው። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ እላለሁ፤ ደግ፣ ርኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ እላለሁ፤ ባደረባቸው ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ ብዬ እጨርሳለሁ። ስሙን አውጥቶ የሌላ ሰው ስም ቢያገባበት ነገሩ ተለዋውጧል የሚል ሰው አይገኝም ነበር። ቁጡውም ደግ፣ ንፉጉም ደግ፣ በእውነት ደግ የነበረውም ደግ ተብሎ ተቀበረ። በዚህም የተበደለው ንፉጉ አይደለም። የተበደለው በእውነት ደግ የነበረው ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የደከመበትን ስም እኔ ላልደከመበት ሁሉ በነጻ ዐድዬበታለሁና።

እንዲህ ስጽፍ ኖሬ አንድ ጊዜ የጻፍሁት ቃል ፊት ለፊቴ መጥቶ ቆመ። በሰፈራችን የታወቁ አንድ አዛውንት ዐረፉ። የበኵር ልጃቸው በዚያው ማታ ወደ ቤቴ መጣና «ጋሼ፣ የአራት ልጆች አባት ነበሩ ብለው ይጻፉልን» አለኝ። ሰውየው ከትዳራቸው ውጭ የወለዷት አንዲት ሴት ልጅ እንዳለች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም ፊደል ያስቈጠርኋት ስለ ነበረች ዐውቃለሁ። ነገር ግን በኀዘን ላይ ያለ ሰው አይሞገትም ብዬ አራት ብዬ ጻፍሁ። ጽሑፉም በአስኮ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ተነበበ፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ከፎቶግራፋቸው ጋራ በጋዜጣ ወጣ። ልጅቱ በቀብሩ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሕዝቡ ኋላ ቆማ ነበር።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ጋዜጣውን አጥፋ ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት ይላሉ» አለችኝ። «እኔ ቤትም ገንዘብም አልጠየቅሁም። አባቴ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦ ይዞልኝ እየመጣ ነው ያሳደገኝ። ነገ ልጄ ስለ አያቱ የጠየቀኝ እንደ ሆነ የማሳየው ይህን ጋዜጣ ነው። ቈጥሮ እኔን ሲያጣኝ ምን እለዋለሁ?»

የምመልስላት አልነበረኝም። ቡና ጠጪ ብላት እንቢ ብላ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አሰብሁ። ስለ ሞተ ሰው ክፉ አይነገርም የሚለው ልማዳችን መልካም ልማድ ነው፤ ሟች ተነሥቶ መልስ ሊሰጥ አይችልምና። ዳሩ ግን ዝም ማለትና ሐሰት መናገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ልጆቻቸውን በፍቅር ያሳደጉ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ የአባትየውንም ነውር አላወጣም፤ ልጅቱንም አላወጣት ነበር። «አራት» ብዬ በጻፍሁ ጊዜ ግን ነውር አልሸፈንሁም፤ በሕይወት ያለች ሰው ከአባቷ ቤት አስወጣሁ። የሟቹን ክብር ጠበቅሁ ስል በየቅዳሜው ዳቦ ይዞ የሄደውን አባት ደብቄ፣ ከሥራው ሁሉ የሚያስከብረውን አስቀረሁበት።

ይህ በአንድ ቤት የተደረገ ትንሽ ነገር ነው። በአገርም ሲደረግ አይተናል። ነሐሴ 22 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሕመም ምክንያት በዋዜማው እንደ ሞቱ ለሕዝብ ተነገረ፤ በክብር የተደረገ ቀብር ግን አልነበረም። በ1984 ዓ.ም. ዐፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ከመሬት ሥር ተቈፍሮ ወጣ፤ ኋላም በደርግ ባለ ሥልጣኖች ላይ በቀረበው ክስ ታንቀው ተገደሉ ተባለ። ዐፅማቸው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው በጥቅምት ወር 1993 ዓ.ም. ነው። ንጉሡን የሚወድም የሚነቅፍም ሰው በዚህ ነገር አንድ ትምህርት ያገኝበታል፤ ይኸውም አንዲት አጭር የሞት ማስታወቂያ ሐሰት የገባባት እንደ ሆነ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ቈይቶም እንደገና ቀብር ታስፈልጋለች።

ከዚህም የሚከፋ አለ፤ ጭራሽ አለመነገር ነው። በዓሉ ግርማ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ የነበረ ሰው ነው፤ የስንቱ ዜና ዕረፍት በእርሱ ጠረጴዛ አልፎ ይሆናል። «ኦሮማይ» የተባለው መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ሞተ የሚል ማስታወቂያ በወቅቱ አልወጣለትም፤ ቤተ ሰቡም የሚያለቅስበት መቃብር አላገኘም። ከዚያም በፊት በቀይ ሽብር ዘመን ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ብዙ እናቶች እንዳያለቅሱ ተከልክለዋል። ግፈኛ ሰው ገድሎ አይበቃውም፤ ሞቱም እንዳይነገር ይፈልጋል። ስለዚህ «እገሌ ነበረ፤ በዚህ ቀን ሞተ» ተብሎ መጻፉ ብቻ እንኳ ለሟቹ የሚገባ ዕዳ ነው።

መርሳት በክፋት ብቻ አይመጣም፤ በልማድም ይመጣል። በአሜሪካ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1851 ዓመት ጀምሮ ያወጣቸው ዜና ዕረፍቶች አብዛኞቹ የነጭ ወንዶች እንደ ነበሩ ራሱ አምኖ፣ በ2018 የታለፉትን ሰዎች፣ በተለይም ሴቶችን፣ ከሞቱ ብዙ ዘመን በኋላ መጻፍ ጀመረ። የእኛንም ጋዜጦች ብናገላብጥ ሹሙና ባለ ሀብቱ ገጽ ሲያገኙ፣ እንጀራ ጋግራ ስድስት ልጅ ያስተማረችው እናት የምትገኘው ልጇ ሹም የሆነ እንደ ሆነ ነው። በአገራችን ይህን ቀድመው ያሰቡ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው፤ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙትን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ ይሁን ብለው ሰይመውታል። ዜና ዕረፍት ለማን እንደሚጻፍ ከዚህ አርእስት ይታወቃል፤ ሟቹን ላላየው፣ ገና ለሚመጣው ሰው ነው። ለቀስተኛውማ ሟቹን ያውቀዋል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ መጻፍ ስለምትችል አንድ ቀን ይህ ሥራ በአንተም በአንቺም እጅ ይወድቃል። ያን ጊዜ ማመስገኛ ቃል ከመፈለግ በፊት ቤተ ሰቡን ጠይቁ፤ በእጁ ምን ይሠራ ነበር? ማን ይጠባበቀው ነበር? አሁን በመሞቱ ሳይሠራ የሚቀረው ነገር ምንድን ነው? እኔ ከዚያ ወዲህ ስለ አንድ ዘበኛ ስጽፍ ደግ ነበሩ አላልሁም፤ በየክረምቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ተማሪዎች ጭቃውን የሚሻገሩበትን ድንጋይ ይደረድሩ ነበር ብዬ ጻፍሁ። በተነበበ ጊዜ በዚያ ድንጋይ ተሻግረው ያደጉ ጐልማሶች አለቀሱ። ዘበኛው ቁጡ እንደ ነበሩም ጽፌአለሁ፤ ቁጣቸው ድንጋዩን ለሚያፈርስ ሰው ነበርና ማንም አልተቀየመም።

የአዛውንቱ ሙት ዓመት በደረሰ ጊዜ የበኵር ልጃቸው የመታሰቢያ ማስታወቂያ እንድጽፍለት ዳግመኛ መጣ። «አራት ብዬ አልጽፍም» አልሁት። ተቈጥቶ፣ «ጋሼ፣ የቤታችንን ነገር ለእኛ ይተዉልን» ብሎኝ ሄደ፤ እስከ ዛሬም ሰላምታው እንደ ቀድሞው አይደለም። ማስታወቂያውን ማን እንደ ጻፈለት አላውቅም። ጋዜጣው በወጣ ጊዜ ገዝቼ አነበብሁት፤ ከሥሩ ቍጥርም ስምም ሳይኖር «ልጆችዎ» የሚል ብቻ ነበረበት።

ልጅቱን ከዚያ በኋላ በአስኮ መንገድ ላይ አገኘኋት፤ ልጇን በእጇ ይዛ ነበር። ማስታወቂያውን አይታ እንደ ሆነ ጠየቅኋት።

«አዎ፣ ቈርጬ አስቀመጥሁት» አለችኝ። «የፊተኛውን ግን ምን ላድርገው፣ ጋሼ?»

እንግዲህ የዚህ መልስ ከእኔ ይጠበቃል፤ የጻፍሁት እኔ ነኝና። ይህንንም የጻፍሁት ስለዚሁ ነው፤ አዛውንቱ የአምስት ልጆች አባት ነበሩ።