በእርጅና ዘመን ፍቅርን ስለ መሥራት

ባልንጀራን መውደድ የክርስትና ትእዛዝ መሆኑን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ነገር ግን ብዙ ሰው ይህ ትእዛዝ ለጕልበተኛና ለባለጸጋ ብቻ የተሰጠ ይመስለዋል። ጕልበት ያለው የታመመውን ይሸከማል፤ ገንዘብ ያለው የተራበውን ያበላል። ታዲያ ጕልበቱ የደከመ፥ የጡረታ ገንዘቡ ወር የማያደርሰው ሽማግሌ ምን ያደርጋል? እኔ ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሰው ስለ ሆንሁ፥ ይህ ነገር በየማለዳው ከአልጋዬ ስነሣ የሚጠብቀኝ ጥያቄ ነው። ለእናንተ ለወጣቶች መጻፌም፥ ዕድሜ ከሰጣችሁ ወደዚሁ መድረሳችሁ ስለማይቀር ነው።

አስቀድመን ፍቅር ምን እንደ ሆነ እንመርምር። ፍቅር የልብ ስሜት ብቻ ቢሆን ኖሮ ትእዛዝ ሊሆን ባልቻለም ነበር፤ ሰው ልቡን «ዛሬ ይህን ጎረቤት ውደድ» ብሎ ሊያዝዘው አይችልምና። እጁንና አንደበቱን ግን ማዘዝ ይችላል። በሉቃስ ወንጌል በ10ኛው ምዕራፍ የሚገኘውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ተመልከቱ። ማዘኑ ባንድ ቃል ተነግሮ ያልፋል፤ የቀረው ሁሉ ሥራ ነው። ቁስሉን አሰረለት፤ ዘይትና ወይን አፈሰሰበት፤ በገዛ ከብቱ ጭኖ ወደ እንግዳ ማረፊያ ወሰደው፤ ለቤቱ ጠባቂም ሁለት ዲናር ሰጠ።

«እርሱ ዘይትም ከብትም ዲናርም ነበረው» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ሁሉ ከማድረጉ በፊት ጕዞውን አቋርጦ ቆመ። ከእርሱ ቀድመው ያለፉት ካህንና ሌዋዊ ያልሰጡት አንዱ ነገር ይህ መቆም ነው። ሽማግሌም ዘይትና ዲናር ቢያጣ፥ ለመቆም የሚሆን ጊዜ አያጣም። በፈተና ወድቆ አንገቱን የደፋ የጎረቤት ልጅ ሲመጣ፥ «በእኛ ዘመን» ብሎ ሳይጀምሩ ነገሩን እስከ መጨረሻው መስማት ገንዘብ አያስወጣም። ቢሆንም ቀላል አይደለም፤ ሽማግሌ መናገር እንጂ መስማት አይወድምና።

ሁለተኛው የፍቅር መፈተኛ ቤት ነው። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሙሉ የሚጾም፥ ማለዳ ኪዳን የማያስታጕል አረጋዊ፥ ወደ ቤቱ ተመልሶ ሽሮው ቀጠነ ብሎ ሠራተኛይቱን ቢያዋርዳት፥ ሆዱ ጾመ እንጂ አንደበቱ አልጾመም። እርስዋም ከእናትዋ ተለይታ ለእንጀራ የመጣች የሰው ልጅ ናት። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለነዳይ ሳንቲም መስጠት መልካም ነው፤ ነገር ግን ነዳዩ ከእኛ ጋር ስለማያድር ጠባያችንን አያውቅም። ጠባያችንን የሚያውቁት በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩት ናቸው።

ሦስተኛው ዕርቅ ነው። በቋንቋችን ያረጀውንም ሰው የሚያስታርቀውንም ሰው «ሽማግሌ» እንለዋለን። እንዲህ ከሆነ፥ የሌላውን ጠብ ለማብረድ ነጠላውን አጣፍቶ የሚሄድ ሰው የራሱን ጠብ ይዞ መኖር አይገባውም። በሰፈራችን ሁለት ወንድማማቾች ከአባታቸው በወረሱት ቤት ተጣልተው አሥራ አንድ ዓመት ሳይነጋገሩ ኖሩ። ታናሹ በሞተ ጊዜ ታላቁ መጥቶ በእድሩ ድንኳን ሦስት ቀን ተቀመጠ፤ ከሁሉም ይልቅ አለቀሰ። በሦስተኛው ቀን ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፥ «ጋሼ፥ ለእርሱ የምነግረውን አሁን ለማን ልንገር?» አለኝ። እኔም የምመልስለት ባጣ፥ የሟቹን ልጆች አሳየሁት። ከዚያ ወዲህ የልጆቹን የትምህርት ቤት ወጪ የሚከፍል እርሱ ነው። መልካም አደረገ፤ ነገር ግን ለወንድሙ ሊነግረው የሚገባው ቃል ሳይነገር ቀርቷል። እኛ ሽማግሌዎች ለልጆቻችን ቤትና መሬት ለማውረስ ስናስብ፥ ጠባችንንም እንዳናወርሳቸው ማሰብ ይገባናል።

ፍቅር የሚመጣበትን ሰዓትና ቦታ የምንመርጠው እኛ አይደለንም። ወይዘሮ አበበች ጎበና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም በሄዱ ጊዜ፥ ወሎ በረኃብ ተመትቶ ነበር። በዚያ ያገኟቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በአንድ ዓመት ውስጥም የሰበሰቧቸው ልጆች ሃያ አንድ ደረሱ። ቤተ ሰባቸው አልተስማማምና ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። በ2021 እስኪያርፉም ድረስ ይህን ሥራ አልተዉም። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከአርባ ዓመት አልፎ ነበር፤ የሄዱትም በረከት ፍለጋ እንጂ ልጅ ፍለጋ አልነበረም። ሁላችን እንደ እርሳቸው ለማድረግ አቅም አይኖረንም። በፊታችን የተገኘውን ሰው አይቶ አለማለፍ ግን ከሁላችን ይጠበቃል።

የመጨረሻውና ለሽማግሌ ከሁሉ የሚከብደው ፍቅር መቀበል ነው። አንድ ወጣት በመንገድ ላይ «አባባ፥ ዘንቢሉን ልያዝልዎ» ሲል፥ «ገና አልሞትሁም» ብለን እንቈጣለን። ይህ ጥንካሬ ይመስለናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ኵራት ነው። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ በወይንና በወይራ ቅጠል የምእመናንን እግር ሲያጥብ፥ ጴጥሮስ ጌታ እግሩን እንዳያጥበው መከልከሉን አስባለሁ። ጴጥሮስ እምቢ ያለው ከአክብሮት ነው፤ ሆኖም እግሩን መስጠት ነበረበት። ሁሉም ሰጪ ልሁን ቢል ተቀባይ ከየት ይገኛል? ስለዚህ እኔ ዘንቢሌን እሰጣለሁ፤ ልጁንም ስሙንና የእናቱን ጤና እየጠየቅሁ አብሬው እሄዳለሁ።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን የሽማግሌ ምክር ብለህ ለእርጅናህ አታስቀምጠው። በወጣትነቱ ያልሰማ ጆሮ ሲያረጅ በድንገት አይሰማም፤ በሃያ ዓመቱ «ይቅርታ» ማለት ያልለመደ አንደበት በሰባ ዓመቱ ይከብደዋል። የተጣላኸው ሰው ካለ፥ እርሱም አንተም በሕይወት ሳላችሁ ዛሬ ማታ ሂድና ደጁን አንኳኳ።