ለቅሶ በፊደል ተራ

ቅዱሳን፣ ሰቆቃወ ኤርምያስን ዳር እስከ ዳር ያነበብን ስንቶቻችን ነን? ምዕራፍ ሦስት መካከል ላይ በየማለዳው አዲስ ስለሆነው ምሕረት የሚናገረውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የቀረውን ዘለነዋል። እስቲ ዛሬ የዘለልነውን እንይ።

ኢየሩሳሌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ በባቢሎናውያን እጅ ወደቀች። ቤተ መቅደሱ ተቃጠለ። በከበባው ረሃብ እናቶች በልጆቻቸው ላይ ምን እንዳደረጉ መጽሐፉ ይናገራል፤ እዚህ ልጆች ስላሉ አልደግመውም። ይህን ያየ ሰው ምን አደረገ? ግጥም ጻፈ። ያውም እንዲሁ አይደለም። የዕብራይስጥ ፊደል 22 ነው። ምዕራፍ አንድ፣ ሁለትና አራት 22 ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሮቹ በፊደል ተራ ይጀምራሉ። ምዕራፍ ሦስት ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት ቁጥር ሰጥቶ 66 ይደርሳል። በእኛ ቋንቋ ጥፋቱን ከሀ እስከ ፐ ቆጠረው እንደማለት ነው።

ለምን እንዲህ ደከመ? እኔ እንደሚገባኝ፣ እንዲህ ያለ ሕመም መጀመሪያና መጨረሻ የለውም። ሌሊት ይመጣል፤ በር በኃይል ሲዘጋ ይመጣል። ፊደል ግን ጀምሮ ያልቃል። ሰውዬው ሊሸከመው ያልቻለውን ነገር መያዣ ሠራለት። እግዚአብሔርም ያንን ግጥም ቃሉ ውስጥ አስገባው።

“ፓስተር፣ የሚፈውሰው መንፈስ ቅዱስ ነው፤ ሥዕልና ግጥም ምን ያደርጋል?” የሚሉኝ አሉ። ይፈውሳል፣ አሜን። ባስልኤልን በመንፈሱ ሞልቶ የእጅ ጥበብ የሰጠውስ ማን ነው? (ባለሙያ አማካሪ ዘንድ መሄድም ኃጢአት አይደለም፤ ይህንንም በዚሁ ልበል።)

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ የተባለች አይሁዳዊት ሠዓሊ በቴሬዚን ታስራ ሳለች አብረዋት ለታሰሩ ሕፃናት ሥዕል ታስተምር ነበር። በሥዕሎቻቸው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 አውሽዊትዝ ተወስዳ ተገደለች። በሁለት ሻንጣ የተቀመጡት 4,500 ያህል ሥዕሎች ዛሬ ፕራግ በሚገኘው የአይሁድ ሙዚየም አሉ። ከልጆቹ አብዛኞቹ አልተረፉም። ሥዕል ከሞት ያድናል ብዬ አልዋሻችሁም። ነገር ግን ቁጥር ሊያደርጓቸው በተነሡ ሰዎች መካከል እነዚያ ልጆች ስም ነበራቸው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። መካከላችን ሰሃራን፣ ሊቢያንና ባሕሩን ያቋረጡ ወንድሞች አሉ፤ በአረብ አገር በር ተቆልፎባቸው የሠሩ እህቶች አሉ። “መንገዱ እንዴት ነበር?” ስንላቸው “አለፈ፣ ጌታ ይመስገን” ይሉናል። እውነት ነው፣ ሙሉው ግን አይደለም። ምስክርነት የግድ በድል ማለቅ አለበት ስላልን ታሪኩ ያላለቀለት ሰው መድረካችን ላይ ቦታ የለውም። አገር ቤት አልቃሽ ነበረች፤ ሙሾ አውርዳ የሰውን ሐዘን ታወጣ ነበር። ጌታን ስንቀበል ያንን ተውን። የተውንበት ምክንያት ነበረን፤ በቦታው ግን ምንም አልተካንም።

ምዕራፍ አምስትን ልብ በሉ። 22 ቁጥር አለው፣ የፊደሉ ተራ ግን ጠፍቷል፤ ሰውዬው ደክሞታል መሰለኝ። የሚያበቃውም እግዚአብሔር ፈጽሞ ጥሎን ይሆን በሚል ስጋት ነው። ማንም መጥቶ “ሃሌ ሉያ” አልጨመረበትም።

የፊታችን ቅዳሜ ከጸሎት በኋላ የታችኛው ክፍል ክፍት ነው፤ ወረቀትና ቀለም ይኖራል። የጻፈ ያንብብ። አልቅሶ ቢያቆም ቸኩለን መዝሙር አናንሣበት። እንጸልይ።