ወገንን ማወቅ ጎረቤትን ያርቃልን?

ልጆቻችንን የአባቶቻቸውን ሃይማኖትና ልማድ ብናስተምር ከጎረቤት ልጆች እንለያቸዋለን የሚሉ ሰዎች አሉ። ሌሎች ደግሞ በሩን ለሁሉ የከፈተ ማኅበር የራሱን ያጣል ብለው ይሠጋሉ። ሁለቱም ሥጋት ምክንያት አለው፤ ነገር ግን ከመፍረድ በፊት በምሳሌ መመርመር ይገባል።

በአሜሪካ አገር በፊላደልፊያ ከተማ ርብቃ ግራትስ የምትባል አይሁዳዊት ነበረች። ክርስቲያን ጎረቤቶችዋ እሑድ እሑድ ልጆቻቸውን ሲያስተምሩ አይታ፥ በ1838 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ለወገንዋ ልጆች የእሑድ ትምህርት ቤት አቋቋመች። ትምህርቱ ያለ ክፍያ ነበር፤ ወንዶችም ሴቶችም ይማሩ ነበር፤ አስተማሪዎቹም ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ሴቶች ነበሩ። ሰንበታቸው ቅዳሜ ነው፤ በሕጋቸውም በዚያ ቀን መጻፍ ክልክል ስለ ሆነ እሑድ ለትምህርት ተስማሚ ነበረ። በመጀመሪያ የራሳቸው መማሪያ መጽሐፍ ስላልነበራቸው ክርስቲያኖች ባሳተሙት መጽሐፍ ተጠቀሙ፤ ከእምነታቸው ጋር የማይስማማውን ቃል ግን ወረቀት ለጥፈው ሸፈኑት።

ልጆቼ ሆይ፥ ይህች ቁራጭ ወረቀት ብዙ ታስተምራለች። መጽሐፉን አልጣሉትም፤ ያለውንም ሁሉ አልተቀበሉም። እንግዲህ የራሱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ከጎረቤቱ ሳይፈራ ይማራል ማለት ነው።

ሁለተኛውን ሥጋት ግን እኔ ራሴ በጥፋቴ ተምሬዋለሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አድጌ መምህር ከሆንሁ በኋላ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሕፃናትን አስተምር ነበር። አንድ ቀን አዲስ ልጅ መጣ። ጸሎቱን በቃሉ ስላላወቀ ሌሎቹ ሳቁበት። እኔም የሳቁትን በመገሠጽ ፈንታ፥ «ሂድና አጥንተህ ተመለስ» ብዬ አስወጣሁት። ልጁ አልተመለሰም። በዚያን ጊዜ የትምህርቱን ክብር የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፥ ሊማር የመጣውን ልጅ ስላልተማረ ቀጣሁት።

አይሁድ በፋሲካቸው ማታ በማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው ከግብጽ የመውጣታቸውን ታሪክ ለልጆቻቸው ሲነግሩ አራት ልጆችን ያነሣሉ፤ እነርሱም ብልኁ፥ ክፉው፥ የዋሁና መጠየቅ የማያውቀው ናቸው። ለአራቱም መልስ ተዘጋጅቶላቸዋል። መጠየቅ ለማያውቀው ልጅ ወላጁ ራሱ ነገሩን ይጀምርለታል። ታሪኩ ለእርሱ ሲባል አይለወጥም፤ የሚለወጠው የአነጋገሩ መጀመሪያ ነው።

ዛሬም በብዙ የምኩራብ ትምህርት ቤቶች እናቱም አባቱም አይሁድ የሆኑለት ልጅ፥ ከወላጆቹ አንዱ ብቻ አይሁዳዊ ከሆነለት ልጅ አጠገብ ይቀመጣል። አንዱ ፊደሉን ቤቱ ሳለ አውቆት ይመጣል፤ ሌላው ገና «አሌፍ» ማለትን ይጀምራል። መምህሩ ዘግይቶ ለመጣው ልጅ ከመጀመሪያው ፊደል ቢነሣ ከትምህርቱ የሚጎድል ምን አለ? የሚያውቀውም ልጅ ባልንጀራውን መርዳት ይማራል።

ስለዚህ እናንተም ነገ ወላጆችና መምህራን ስትሆኑ የያዛችሁትን በሙሉ አስተምሩ፤ ከደጅ የቆመውን ልጅ ግን ምን ያህል ታውቃለህ ብላችሁ ሳትመረምሩ አስቀድማችሁ ግባ በሉት።