መንገደኛ ስለበላበት ቤት ሲመሰክር

ስለ አንድ ምግብ ቤት የሚሰጥ አስተያየት ሌላውን መንገደኛ የሚጠቅመው ምስክርነት ሲሆን ነው። ተናጋሪው ራሱ ያየውን፣ ያየበትን ቀንና ሁኔታ፣ ምግቡም ለማን እንደሚሆን ለይቶ ሲናገር ማለት ነው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ከኋላው አንድ የቆየ ጥያቄ አለ፤ ሰው በገዛ ምላሱ ብቻ የቀመሰውን ለሌላው እንዴት በእውነት ሊመሰክር ይችላል? ጣዕም የግል ነው ከተባለ ምስክርነቱ ዋጋ የለውም። ዋጋ አለው ከተባለ ደግሞ የምስክር ግዴታ ሁሉ አብሮ ይመጣል።

የአገሬው ሰው የከተማው ምግብ ቤት ቢያስቀይመው መፍትሔው በእጁ ነው፤ ተመልሶ አይሄድም። ባለቤቷም የደንበኛዋን መቅረት አይታ ወጧን ታሻሽላለች ወይም ዋጋዋን ትቀንሳለች። መንገደኛ ይህ አቅም የለውም። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በክምር ድንጋይ፣ ጉናን በጎን እየተወ ወደ ነፋስ መውጫ፣ ከዚያም በጨጨሆ ወደ ጋሸናና ላሊበላ የሚሄድ ሰው ምሳውን አንዴ በልቶ ያልፋል። ወጡ ቢያር፣ ሒሳቡ ቢጋነን ዳግመኛ አይመጣም፤ ግን ድሮም የሚመለስ አልነበረምና ቤቱን የሚጎዳው ነገር የለም። በማግስቱ ሌላ የማያውቅ ሰው እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ምስክርነት የሚሞላው ይህን ክፍተት ነው። ትናንት የበላው ነገ ለሚበላው ሲናገር፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ መንገደኞች ተደምረው አንድ ደንበኛ ይሆናሉ። ቅር ሲለው የሚቀር፣ ደስ ሲለው የሚመለስ ደንበኛ። የአስተያየት ጥቅሙም ክብደቱም ከዚህ ይመነጫል።

ቀጥሎ የሚነሳው ማን ሊመዝን እንደሚገባ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሐምሌ 7 ቀን ሥላሴ በአብርሃም ቤት መስተናገዳቸው ይታሰባል፤ እንግዳ መቀበል ከፍ ያለ ቦታ የተሰጠው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የመሸበት የእግዜር እንግዳ የቀረበለትን ይበላል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ማዕድ ወጡ ቀጠነ፣ እንጀራው ሻገተ ብሎ አደባባይ ማውጣት ነውር ነው። መንገዱ የሚያልፍበት ጋይንት ደግሞ ይህን በደንብ የሚያውቅ አገር ነው። የድጓ ምስክር የሚሰጥባት ቅድስት ቤተልሔም በጋይንት ናት፤ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባም እንዲሁ። ከየአውራጃው ወደዚያ የሚጎርፈው የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የኖረው ከመንደሩ ቁራሽ ነው። ምጽዋት አይመዘንም። ያም ሆኖ ተማሪ ለተማሪ የሚያቀብለው ወሬ ነበረው፤ ውሻው የሚናከስበትን ደጅ፣ ወንዙ የሚሞላበትን ወር፣ ከመሸ የማይኬድበትን መንገድ ይነጋገራል። የሰጪውን እጅ ሳይነቅፉ ለመጪው መንገድ መጥረግ ይቻላል ማለት ነው።

የሚከፈልበት ማዕድ ግን ሌላ ሕግ አለው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ሲያቋቁሙ ሰው ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላቱን እንደ ነውር ቆጥሮ ገበያ ጠፍቶ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ገብተው በልተው በመክፈላቸው ልማዱ ተፈታ ተብሎ ይተረካል። ትረካው ውስጥ ቁም ነገሩ መክፈሉ ነው። የከፈለ ሰው የጸጋ እንግዳ መሆኑ ቀርቶ ገዢ ሆኗል፤ ስለ ገዛው ነገር እውነቱን መናገር ውለታ ቢስነት አይሆንበትም። በተቃራኒው ሳይከፍል የበላ ሰው ምላሱ የታሰረ ነው። በረጅም መንገድ ላይ አውቶቡሱ የሚቆምበትን ቤት የሚመርጠው ሹፌሩ ነው፤ ተሳፋሪ ስላመጣ ብቻ ሹፌርና ረዳት በነጻ የሚመገቡበት ቤት ብዙ ነው። «እዚህ ምሳ ጥሩ ነው» ሲሉ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ምስክርነት ግን አይደለም። ከኪሱ እየከፈለ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚመላለሰው የአይሱዙ ሹፌር የቆመበት ቤት የበለጠ ይታመናል። በፈረንሳይ የጎማ ፋብሪካው ሚሽላን እ.ኤ.አ. በ1900 ለባለ መኪኖች ማውጣት የጀመረው መመሪያ እስከ ዛሬ የተከበረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ መርማሪዎቹ ማንነታቸውን ሳይገልጹ ገብተው፣ እንደማንኛውም ሰው ከፍለው ይወጣሉ።

ምስክሩ ነጻ ቢሆንም የጣዕም ጥያቄ አልተፈታም። የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1757 ባሳተመው ድርሰት ከዶን ኪኾቴ ታሪክ አንድ ነገር ጠቅሷል። ሁለት ሰዎች ከአንድ በርሜል ወይን ጠጅ እንዲቀምሱ ተጠየቁ። አንዱ ጥሩ ነው ግን ቆዳ ቆዳ ይላል አለ፤ ሌላው ጥሩ ነው ግን ብረት ብረት ይላል አለ። ተሳቀባቸው። በርሜሉ ተንቆርቁሮ ሲያልቅ ግን ከሥሩ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው ቁልፍ ተገኘ። ሂዩም ከዚህ የሚያወጣው ቁም ነገር፣ መውደድና መጥላት የግል ቢሆንም በምግቡ ውስጥ ያለውን ነገር ለይቶ ማወቅ ግን ትክክልና ስህተት እንዳለው ነው። ለዚህም ልምድ፣ ማወዳደርና ከአድልዎ መራቅ ያስፈልጋል ይላል። በቤተልሔም ድጓ የሚያስመሰክረው መምህርም አንድ ምዕራፍ ሰምቶ አይፈርድም፤ ሙሉውን በቃሉ የያዘ ነው የሌላውን ዜማ የሚያርመው።

ይህ ለመንገደኛ አስተያየት የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው። «ጠላው አይጠጣም» ያለ ሰው ስለ ራሱ ተናገረ። «ጠላው ጢስ ጢስ ይላል» ያለው ግን ስለ ጠላው ተናገረ፤ ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ መታጠኑን የሚወድ ሰው ይህን ሰምቶ ይገባል፣ የማይወድ ያልፋል። አንዱ ቃል ለሁለት ተቃራኒ ሰዎች እኩል ጠቀመ። «ጣት ያስቆረጥማል» ማለትም እንዲሁ ስሜት ነው፤ እንጀራው ንጹሕ ጤፍ ነው ወይስ ገብስ የተቀላቀለበት፣ ሽሮው በሸክላ እየፈላ ይቀርባል ወይስ ቀዝቅዞ፣ ሒሳቡ ከመብላት በፊት ይነገራል ወይስ በኋላ የሚለው ግን ሄዶ ሊረጋገጥ የሚችል ነው። ምክንያቱ ሲታወቅም ፍርዱ ይለወጣል። በጋይንት ደጋ፣ ከባሕር ወለል 3000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ባቄላውና ምስሩ ለመብሰል ጊዜ ይፈጃል። «ምሳ አዘገዩብን» ብሎ የሚያማርር እንግዳ ይህን ቢያውቅ፣ የሚጠቅመው ቃል «ስትገቡ ምን ተሠርቶ ያደረ እንዳለ ጠይቁ» የሚለው እንደሆነ ያስተውል ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ግን አስተያየቱ ለማን ነው የሚለው ነው። ለገና ወደ ላሊበላ የሚጓዘው ምእመን በዚህ መንገድ የሚያልፈው ኅዳር 15 በሚገባው በጾመ ነቢያት ውስጥ ነው፤ ሲመለስ ግን ጾሙ ተፈትቷል። አንድ ሰው፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ቤት፤ ሲሄድ የሚፈልገው የጾም በየዓይነቱ፣ ሲመለስ ጥብስ ወይም ቀይ ወጥ። ስለ ክትፎው ያወራ አስተያየት ለሄደው ምእመን ምንም አልነገረውም። እሱ ሊያውቅ የሚሻው ሌላ ነው። የጾም ሽሮው ቅቤ በነካ ድስትና ማማሰያ ይሠራል? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው በዚያ ሰዓት ትኩስ ምግብ ይገኛል? ወይስ ወጡ በምሳ ሰዓት አልቆ ድስቱ ታጥቧል? በጾም ወቅት በሚያልፍ ሰው ዘንድ እነዚህ ጥያቄዎች ከጣዕም ይቀድማሉ፤ የነፍሱ ጉዳይ ናቸውና። ሙስሊም መንገደኛም እንዲሁ ሥጋው ለስላሳ መሆኑን ከመስማቱ በፊት ማን እንዳረደው ማወቅ አለበት። በኢትዮጵያ ክርስቲያኑ ከሙስሊሙ፣ ሙስሊሙም ከክርስቲያኑ ቢላዋ የማይበላበት ልማድ ጸንቶ ስለኖረ፣ «ሥጋው ግሩም ነው» የሚለው ቃል ለግማሹ መንገደኛ ትርጉም የለውም። ሌላው ሰው ራሱን እንደማይመስል ማሰብ፣ የእሱን ጥያቄ በእሱ ቦታ ሆኖ መጠየቅ፣ ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ የሚባለው በሰፌድ ዙሪያ ሲገኝ መልኩ ይኸው ነው።

ቀን መጥቀስም ከዚሁ ግዴታ ይገባል። ረቡዕ የበላና ሐሙስ የበላ ሁለት የተለያዩ ቤቶችን ያዩ ያህል ነው። ዓመቱም ይለያል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ደርሶ ከተማዋ ለቀናት በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበረችበት ጊዜ ነዋሪዎቿ ከባድ ግፍና ዝርፊያ ደርሶባቸዋል። ከዚያ በፊት የተጻፈ ሙገሳም ሆነ ነቀፋ ዛሬ ያለውን ቤት አይገልጽም፤ ከዜሮ የጀመረችን ሴት በድሮው መለኪያ መለካትም ፍትሕ አይሆንም።

የአስተያየት ሁለቱ ጠላቶች ይሉኝታና ሐሜት ናቸው። በዚህ አገር የሚከፈላት አስተናጋጅ እንኳ እንደ ቤት እመቤት ናት፤ «ብሉ እንጂ፣ በሞቴ፣ ምነው ተዋችሁት» እያለች ከሌማቱ እንጀራ ስትጨምር ወጡ ጨው በዝቶበታል የሚል አንደበት አይገኝም። እንግዳው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ግሩም ነበር» ብሎ ይወጣል፤ መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር ሌላ ወሬ ይጀመራል። ፊት ለፊት የተነገረው ውዳሴ ሐሰት፣ ከኋላ የተነገረው እውነት ሐሜት ሆኖ ይቀራል፤ ሁለቱም ተጠቃሚውን ሰው አላገኙትም። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ክፉ ማውራትን ብቻ ሳይሆን ያልነበረ መልካም መናገርንም ይነካል፤ ከይሉኝታ የተነሳ የተመሰገነ ቤት ነገ ሌላውን በሆድ ሕመም ከመንገድ ሊያስቀር ይችላል።

ታዲያ ነቀፋ መቼ ነው ከሐሜት የሚለየው? መጀመሪያ ለሚመለከታት ሰው ሲነገር። «እትዬ፣ ውኃው ጣዕሙ ተለውጧል፣ ማጠራቀሚያውን ብታሳዩት» የሚል ቃል በትሕትና ከተነገረ አያዋርድም፤ የመታረምም ዕድል ይሰጣል። ሁለተኛ ስለ ሴትዮዋ ሳይሆን ስለ ሥራው ሲሆን። ሳህኑ አልታጠበም ማለት ይጣራል፤ ሴትዮዋ ቆሻሻ ናት ማለት ግን ስሟን ያጠፋል፣ የምታስተካክለውንም አይነግራትም። ሦስተኛ ልኩን ሲጠብቅ። አንድ ቀን የተራበ፣ የበረደው፣ ጎማ ፈንድቶበት የመሸበት ሰው ያየው ጉድለት የቤቱ ጠባይ ይሁን የዚያን ቀን አጋጣሚ አያውቅም፤ የኦሪት ሕግ ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንዲጸና ያዘዘው ለዚህ ዓይነቱ ጥርጣሬ ነው። ጨው መብዛቱ የአንድ ቀን ሊሆን ስለሚችል «እኔ በበላሁበት ቀን» ተብሎ ይነገራል። ከታወቀው ዋጋ በላይ ለእንግዳ የተለየ ሒሳብ ማውጣት ግን ታስቦ የሚደረግ ነውና ሳይለዝብ መነገር አለበት።

ከዋናው መንገድ ወጣ ሲባል፣ በስማዳ ወገዳ፣ በታች ጋይንት አርብ ገበያ ወይም በእስቴ መካነ ኢየሱስ፣ ሚዛኑ እንደገና ይለወጣል። አላፊ መንገደኛ ከነፋስ መውጫ ያነሰ ነው፤ ቤቶቹ የሚኖሩት በአገሬው፣ በመምህሩ፣ በጤና ባለሙያውና በገበያተኛው ነው፤ የደንበኛ ዳኝነትም በየቀኑ እየተሰጠ ነው። እዚያ የደረሰ እንግዳ የትኛው ቤት ይበልጣል ከሚለው ይልቅ ማታ እስከ ስንት ሰዓት ወጥ እንደሚገኝ፣ በጾም ቀን ቀድሞ ማዘዝ ያስፈልግ እንደሆነ፣ በገበያ ቀን ቦታ እንደሚጠፋ፣ ለቀጣዩ መንገድ ቆሎና ዳቦ የት እንደሚያዝ ቢነገረው ይጠቀማል። ይህን ደግሞ አልፎ ሂያጁ ብቻውን አያውቀውም፤ እዚያው የሚበሉትን ጠይቆ፣ ከእነሱ የሰማውን ከራሱ ካየው ለይቶ መናገር ይኖርበታል።